ለሰፈራችን አዛውንት ተማሪዎች መነጽር እናዋጣ

ባለፈው ማክሰኞ አንዷ ተማሪያችን ስልካቸውን ይዘው ወደ እኔ መጡ። ቤሩት ያለችው ልጃቸው መልእክት ልካላቸው ነበር። ላንብብልዎ ብላቸው እምቢ አሉ። ፊደሉን አንድ በአንድ በጣታቸው እየተከተሉ፣ ላብ እስኪያጠምቃቸው ታግለው "እማዬ" የሚለውን አነበቡ። ከዚያ በኋላ ያለው ደቃቅ ሆኖባቸው ተዉት። ያቺን አንዲት ቃል ግን የጎረቤት ልጅ አላነበበላቸውም። ራሳቸው ናቸው ያነበቧት።

ሽሮ ሜዳ፣ በእድራችን አዳራሽ ውስጥ የምናስተምራቸው እናቶችና አባቶች 28 ናቸው። ዕድሜያቸውን በሽመናና ከእንጦጦ እንጨት በመሸከም የገፉ ሰዎች ናቸው።

ስንጀምር አንድ ትልቅ ስህተት ሠርተናል። ትምህርቱ አልገባ ሲላቸው "ጭንቅላቴ ደርቋል ልጄ" ይሉን ነበር፤ እኛም አመንናቸው። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ በጣም አግዝፈን ስንጽፍ፣ ሦስት ወር ሙሉ ዝም ብለው የተቀመጡት አባት ከኋላ ወንበር ሆነው አነበቡት። ለካ ችግሩ ዓይን ነው! ከ40 ዓመት በኋላ የማንም ሰው የዓይን ሌንስ ተለማጭነቱን እያጣ ይሄዳልና የቅርብ ነገር ይደበዝዛል፤ እንደ እኚህ አባት የሩቁም የሚደበዝዝባቸው አሉ። በፊደላችን ደግሞ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። "ቡ" እና "ቢ" የሚለያዩት ያቺ ትንሽ ጭረት ከወገብ ወይም ከእግር በመሆኗ ብቻ ነው። እሷ ካልታየች ምን ይነበባል?

ከመካከላቸው በ1971 ዓ.ም በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠሩ አሉ። ኢትዮጵያ በዩኔስኮ የተሸለመችበት ዘመቻ ነው። የምስክር ወረቀታቸውን እስከ ዛሬ ሳጥን ውስጥ አስቀምጠዋል፤ ንባቡ ግን የሚነበብ ነገር እቤት ስላልነበረ ጠፋባቸው። አሁን ዳዊታቸውን ራሳቸው መድገም ይፈልጋሉ፣ የባንክ ወረቀት ላይ በጣት አሻራ ፋንታ ስማቸውን መጻፍ ይፈልጋሉ።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት መነጽር። ከመንገድ ዳር በግምት የተገዛ ሳይሆን ዓይናቸው ተመርምሮ፣ ለእያንዳንዳቸው በልካቸው። የአንዱ ቁጥር ለሌላው አይሆንም፤ ምርመራው ሞራ የጀመራቸውንም በጊዜ ያሳየናል። ከተረፈ በትልልቅ ፊደል የተጻፉ መጻሕፍትና መደገፊያ ያላቸው 10 አግዳሚ ወንበሮች እንገዛለን፤ ወገባቸውን እያመማቸው አቋርጠው የሚሄዱ አሉና።

አገር ቤት ያላችሁም፣ አረብ አገርና አሜሪካ ያላችሁም የሰፈራችን ልጆች፣ የአንድ ሰው መነጽር ብቻ ብትችሉ ይበቃል። ገንዘቡን የሚቀበለው የእድራችን ገንዘብ ያዥ ነው፤ በደረሰኝ። ውጭ ያላችሁ በቤተሰባችሁ በኩል ላኩ። የገባውና የወጣው በየወሩ አዳራሹ በር ላይ ይለጠፋል።

ሌላም ልመና አለኝ። እናትና አባታችሁን "በዚህ ዕድሜ ምን ያደርግልሃል" አትበሏቸው። ኬንያዊው ኪማኒ ማሩጌ በ1996 ዓ.ም አንደኛ ክፍል ሲገቡ 84 ዓመታቸው ነበር። ይህን ለተማሪዎቻችን የነገርናቸው ቀን አንዲት እናት "እኔማ ገና ልጅ ነኛ!" ብለው ደብተራቸውን ገለጡ። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ አዳራሹ ክፍት ነው። እጃቸውን ይዛችሁ አምጡልን፤ ደብተርና እርሳስ እኛ ጋ አለ።