ይድረስ ለአምባዛው

ወንድሜ፣

እንዴት ሰነበትክ ብዬ ልጀምር ነበር። አራት ዓመት ግን መሰንበት አይባልም።

የጋሼን ሞት የሰማሁት በሳምንቱ ነው። ስልኩን አነሣሁ፣ አስቀመጥኩት። በማግሥቱም እንደዚያው። ከዚያ አርባው አለፈ፣ ሙት ዓመቱም አለፈ፣ በቃ አፈርኩ። ጥፋተኛ ነኝ። ስድቡን በአካል ስንገናኝ እቀበላለሁ፣ እስከዚያ አጠራቅመው። አሁን የምጽፍልህ ቸግሮኝ ነው። ያው ታውቀኛለህ፣ ሲቸግረኝ ነው የምትታወሰኝ።

ጀልባ ገዛሁ። አትሳቅ።

ጀልባ ማለት እንኳን ማጋነን ነው። ካያክ ይሉታል። ፕላስቲክ ነው፣ ባለ ሁለት መቀመጫ፣ ርዝመቱ 12 ጫማ። ሞተር የለውም። ሁለቱም ጫፉ ሰፋ ያለ መቅዘፊያ አለው፤ መሀሉን ይዘህ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ ነው። ቤት ሊለቅ ከነበረ ሰውዬ በ300 ዶላር ወሰድኩት። መኪናዬ ጣሪያ ላይ አስሬ ሳመጣው ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ «እንዲያው ለስንት ቀን ነው?» አለችኝ።

መጀመሪያ ቀን ውሃ ላይ ሳወርደው ወለሉ ላይ ቀዳዳዎች አየሁ። ውሃው በነሱ ብቅ ብቅ ይላል። ሰውዬው ቀዳዳ ሸጠልኝ ብዬ ልመለስ ምንም አልቀረኝ። ለካ ለዚያው ነው የተሠሩት። ከላይ የተረጨው ውሃ በነሱ ይወርዳል፣ የሚያንሳፍፈው በፕላስቲኩ ሆድ ውስጥ የታፈነው አየር ነው። ያን ጊዜ ታንኳችን ትዝ ብላኝ ብቻዬን ሳቅሁ። እሷስ መቼ ውሃ አላስገባም ብላ ታውቃለች? በደንገሉ መሀል ይገባል፣ ይወጣል፣ አንተ እርጥብ ቂጥህን ይዘህ ሽመልህን ትገፋለህ። ልዩነቱ ይሄኛው ውሃ አይጠጣም። ጋሼ ሁልጊዜ ማታ አውጥተው፣ አቁመው ያደርቋት አልነበር? ያም ሆኖ በጥቂት ወር ውስጥ ትከብድና ሌላ ደንገል ይታጨዳል። እኔ ይቺን በጎማ አጥቤ ጋራዥ ውስጥ እሰቅላታለሁ። ሲያዩኝ ምን ይሉ ነበር?

የምሄድበት ሐይቅ ሊትል ሴኔካ ይባላል፣ እዚሁ ሜሪላንድ ውስጥ። ሐይቅ ይበሉት እንጂ ጅረት ገድበው የሠሩት ነው፤ ድርቅ ሲሆንና ፖቶማክ ወንዝ ሲጎድል እንዲለቁበት። ስፋቱ 505 ኤከር ነው ይላሉ። አስልቼው ሁለት ካሬ ኪሎ ሜትር ሆነ። ጣና ሦስት ሺህ እኮ ነው! ግን የቤንዚን ሞተር ክልክል ነው። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ስትገባ መቅዘፊያህ ውሃውን ሲነካ ብቻ ነው የሚሰማህ። ሞተሩ ሲመጣ ጋሼ «አሳው ገና ሳያይህ ይሰማሃል» እያሉ ይነጫነጩ የነበረው አሁን ገባኝ። ቀስ ብለህ ተንሳፍፈህ ትደርስበታለህ፣ አያውቅህም።

ባለፈው ወር ማንን እንዳገኘሁ ልንገርህ? ዘመድህን። አምባዛን እዚህ ካትፊሽ ይሉታል። አፉ ሰፊ፣ ጢሙ ወዲህ ወዲያ የተንጠለጠለ፣ ቁርጥ አንተ። ከመንጠቆው ሳላቅቀው እንዳንተው አጉረመረመብኝ። ፎቶውን እልክልሃለሁ።

ሚያዝያ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ዋሽንግተን ከተማ ውስጥ፣ ፖቶማክ ዳር፣ ፍሌቸርስ ኮቭ የሚባል ቦታ የቀዘፋ ጀልባ ያከራያሉ። ሻድ የሚባል አሳ በጸደይ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ተነሥቶ እንቁላሉን ለመጣል ወንዙን ሽቅብ ይወጣል። ሰው ሁሉ በቀዘፋ ጀልባ መሀል ወንዝ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። ግን ይዘህ መልቀቅ ነው፣ ወደ ቤት መውሰድ ክልክል ነው። ድሮ አጥምደው አጥምደው ሊጨርሱት ነበርና። ደግሞ ወቅቱ ሁዳዴ ነው። «አሳ እየያዝኩ እለቃለሁ» ስላት እናቴ «እንኳንም በጾሙ ለቀቅከው» አለችና ስልኩ ላይ ሳቀችብኝ።

የመጀመሪያዋን ስለቅ ሆዷን ነካሁት። እንቁላል ሞልቷታል። ጉማራ ወንዝ ትዝ አለኝ። ክረምት ላይ ነጩ አሳ ወንዙን ሲወጣ እኛ አፉ ላይ መረብ ዘርግተን የምንጠብቀው። ያኔ ጎበዝ ተባልንበት እኮ። አንድ ቀን ስንት እንዳወጣን ታስታውሳለህ? ሆዳቸውን ስንቀድ እጃችን ሁሉ እንቁላል። ማንም አትንኩ ያለን አልነበረም። ወይም ያለን ነበር፣ አልሰማንም።

እሺ። ዞር ዞር ማለቴን አውቀኸዋል። ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ልጄ 11 ዓመቷ ነው። ካያኩ ላይ ከፊት ትቀመጣለች። አንድ ጠዋት አሳው እምቢ ብሎን ቁጭ ብለን «አባዬ፣ አንተ ልጅ እያለህ ምን ትይዝ ነበር?» አለችኝ። ስለ ታንኳ ነገርኳት። ስለ ቆሮሶው አሳ፣ ስለ ክብራን ገብርኤል ገዳም፣ ስለ ጋሼ። ከዚያ አፌ አልቆም አለኝና ያቺን ቀን ነገርኳት።

የነገርኳት እንዲህ ነው። ከሰዓት ሆኗል፣ ነፋሱ ተነሥቷል፣ ታንኳዋ ውሃ ጠጥታ ከብዳለች። ጓደኛዬ ወደቀ። መዋኘት አይችልም። እኔ ዘልዬ ገባሁ፣ በሸሚዙ ኮሌታ ይዤ ወደ ታንኳዋ ጎተትኩት፣ «ደንገል አይሰጥምም! ያዝ!» አልኩት። እሱ ግን «እናቴን!» ብቻ ነበር የሚለው።

አዎ። «እናቴን» ያለው ማን እንደሆነ አንተም እኔም እናውቃለን።

ለምን እንደዋሸሁ አትጠይቀኝ። እንዲያው ዓይኗን ብታየው! እዚህ ሀገር ልጅ አባቱን የሚያደንቅበት ነገር ብዙ የለም። መኪና እነዳለሁ፣ እንግሊዝኛዬን ታርመኛለች፣ ሒሳቧን ማስረዳት ካቆምኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። አንድ ጠዋት ጀግና ሆንኩ። ጣፈጠኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ግን ምን ሆነ? መሀል ሐይቁ ላይ ሙቀት ሆነና ላይፍ ጃኬቷን፣ ውሃ ላይ የሚያንሳፍፋትን ሰደርያ፣ ፈታች። ሜሪላንድ ውስጥ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ በእንዲህ ዓይነት ትንሽ ጀልባ ላይ ያለ እሱ አይሄድም፣ ሕግ ነው። «ልበሺ» አልኳት። ዞር ብላ «አባዬ፣ አንተ እኮ ታወጣኛለህ» አለችኝ። በአማርኛ ነው ያለችው። አማርኛ የምትናገረው ስታቆላምጠኝ ብቻ ነው።

እጄ መቅዘፊያው ላይ ደረቀ። እግሬ ሥር ስንት ሜትር ውሃ እንዳለ አላውቅም። ጮኼ አስለበስኳት። እስከ ዳር ድረስ አኮረፈችኝ። እኔም ዝም። እውነቱን የምነግራት ያኔ ነበር፣ አፌ አልከፈት አለ።

አሁን ደግሞ ያንተን ቁጥር ከእናቴ ወስዳለች። ለትምህርት ቤት ስለ አባቷ የልጅነት ታሪክ ትጽፋለች፣ ምስክሩ አንተ ነህ። «ያዳንከውን ሰው» ልትጠይቀው ነው።

ይህን ደብዳቤ ስጀምር «እባክህ ለአንድ ቀን ብቻ የሰመጥከው አንተ ሁን» ልልህ ነበር ሐሳቤ። በእውነት። ጽሑፉን እስከዚህ ካደረስኩ በኋላ ግን ጃኬቱ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ስለዚህ ተወው። እውነቱን ንገራት። ሳትጨምር፣ እባክህ፤ አንተ መጨመር ትወዳለህ። አጠገቧ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። «እናቴን» የሚለውን ግን ብትዘልልኝ... አይ፣ እሱንም ንገራት።

አንድ ሌላ ምስጢር፦ ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ ዋና እየተማርኩ ነው። አስተማሪዬ ዕድሜዋ ከሃያ አይበልጥም። «አረፋ ንፋ» ትለኛለች፣ እነፋለሁ። በዚህ ዕድሜዬ! ጠርዙን ሳልለቅ ሦስት ሳምንት አለፈኝ። አንተ ያኔ ላስተምርህ ስትለኝ እሺ ብል ኖሮ...

ስለዚያች ቀን አንድ ነገር ልጠይቅህ። መረቡን ጉማሬ ወሰደው ብለን ጋሼን ስንዋሻቸው አምነውን ነበር? ማታውኑ ሸሚዜን እሳት ዳር ሰቅለው ሲያደርቁልኝ ትዝ ይለኛል። አንዲት ቃል አልተናገሩም። በኋላ ላይ ነግረሃቸው ነበር? ነግረሃቸው ቢሆን ደስ ይለኛል።

እምቦጩስ እንዴት ሆነ? እኔ በሚሌኒየሙ ዓመት ስወጣ ስሙንም አናውቀውም ነበር። እናንተ ጋ ታንኳ ያሳልፋል ወይስ አያሳልፍም? ጽፈህ ንገረኝ። እማማን ጉልበታቸውን ሳምልኝ።

ቅዳሜ ትደውላለች። እዚህ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ እናንተ ጋ ከቀኑ 10 ሰዓት ይሆናል። በቪዲዮ ነው። ጢምህን እንዳትላጭ፤ ለምን አምባዛው እንደምንልህ ነግሬያታለሁ፣ እሱን ለማየት ነው የቸኮለችው።

ያው ያልዋኘው ወንድምህ