ከረጅም ዝምታ በኋላ፣ ስለ ልጅሽ ሁለት ጥርሶች

እህት ዓለሜ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጅቱስ፣ አባቷስ፣ እማማስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጠፋሁ፤ ጥፋቱ የኔ ነውና ሰበብ አልደረድርም። እንኳን ማርያም ማረችሽ ሳልልሽ ልጅሽ ስምንት ወር ሞላት። አሁን ልበልሽ፦ እንኳን ማርያም ማረችሽ!

መልእክትሽ ደርሶኛል። አንደኛው ጥያቄሽ "ሁለት ጥርስ ብቻ ላላት ልጅ የጥርስ ሐኪም ምን ይሠራላታል?" ነው። ሁለተኛው ጎረቤትሽ ድዷ ላይ ያለውን ጉብታ አይተው "ተቅማጧ ከግግ ነው፣ ድዷ ተበጥቶ ይውጣላት" ያሉሽ ነገር ነው። ከሁለተኛው ልጀምር፣ እሱ ቀን አይሰጥም።

ድዷን ብታዪው ከፊት ጥርሶቿ ቦታ ግራና ቀኝ ነጣ ያለ ጉብታ አለ። ያ ጉብታ የውሻ ክራንቻዋ ነው፤ ገና ውስጥ ሆኖ እየተሠራ ያለ፣ ብዙውን ጊዜ ከ16 እስከ 23 ወር ባለው ጊዜ የሚወጣ ጥርስ። ተቅማጥ ያለበትም የሌለበትም ሕፃን ሁሉ አለው። ተቅማጡ የሚመጣው በዚህ ዕድሜ ሕፃን መሬት ላይ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ስለሚወስድ፣ ከ6 ወር ጀምሮም ከጡት ሌላ ምግብ ስለሚቀምስ ነው። ጊዜያቸው ገጠመ እንጂ ጥርሱ ተቅማጥ አያመጣም። ድዱ ሲበጣ የሚወጣውን ለስላሳ ነጭ ነገር "ይኸው ትሉ" ብለው ያሳያሉ፤ ገና ያልጠነከረ ጥርስ ነው። ከሥሩ የቋሚው ክራንቻ ዘር አለ። እሱ ከተነካ ከ9 እስከ 12 ዓመቷ መውጣት ያለበት ጥርስ ጠማማ ወይም ጎዶሎ ሆኖ ይወጣል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይቀራል። ደም መፍሰሱና በስለቱ የሚገባው ቴታነስ ደግሞ ሕይወት ያጠፋል። ጎረቤትሽን አታስቀይሚያቸው፣ ክፋት የላቸውም፤ ግን ልጅቷን አትስጫቸው። ለተቅማጧ ጡት ሳታቋርጪ ጤና ጣቢያ ውሰጃትና ኦአርኤስና ዚንክ ያዙላት። ትኩሳቷ 38 ዲግሪ ካለፈም "ጥርስ እያወጣች ነው" ብለሽ አትለፊው፤ ጥርስ ለሃጭ ያዝረበርባል፣ ያነጫንጫል፣ እንዲህ ያለ ትኩሳት ግን አያመጣም።

አሁን ወደ ሐኪሙ። የመጀመሪያው ጉብኝት የመጀመሪያዋ ጥርስ ከወጣች በኋላ በ6 ወር ውስጥ ነው፤ ቢዘገይ ቢዘገይ የልደቷ ቀን ሳያልፍ። ብዙ ሰው ልጁ አሞት እስኪያለቅስ ይጠብቃል፤ ያኔ ሐኪሙ የሚያገኘው ጥርሱን ሳይሆን ቀዳዳውን ነው። የሕፃናት ጥርስ ሐኪም ካላገኘሽ ማንኛውም የጥርስ ሐኪም ያያታል።

ወንበር ላይ ብቻዋን አያስተኟትም። አንቺና ሐኪሙ ጉልበት ለጉልበት ገጥማችሁ ትቀመጣላችሁ። ልጅቷ ፊቷን ወደ አንቺ አድርጋ እግሮቿን በወገብሽ ግራና ቀኝ ትዘረጋለች፣ ከዚያ ቀስ ብለሽ ጭንቅላቷን ሐኪሙ ጭን ላይ ታስተኛለሽ። እጆቿን አንቺ ትይዣለሽ። ማልቀሷ አይቀርም፤ ስታለቅስ አፏ ስለሚከፈት ሐኪሙ አይከፋውም። ከሁለት ደቂቃ ብዙ አያልፍም። ጠዋት፣ ተኝታ ከተነሳች በኋላ ቀጠሮ ያዢ፤ ከመግባቷ በፊት ሆዷን አትሙያት፣ ያስመልሳታል።

ቤት ሆነሽ ግን አንቺም ማየት ትችያለሽ። በወር አንድ ጊዜ ብርሃን ባለበት የላይኛውን ከንፈሯን ገልበሽ እዪ። ለምን የላይኛውን? የታችኛዎቹን የፊት ጥርሶች ምላስና ምራቅ ይከልሏቸዋል፤ ሌሊት አፏ ውስጥ የሚቀረው ጣፋጭ የሚያርፈው የላይኛዎቹ ላይ ነው። ከድዱ ጥግ ጥጉን ኖራ የመሰለ ነጭ መስመር ካየሽ መበስበሱ ተጀምሯል፤ ገና አልተቦረቦረምና ሐኪሙ የፍሎራይድ (በጥቂቱ ሲሆን ጥርስ የሚያጠነክር ማዕድን) ቅብ ቀብቶ ሊመልሰው ይችላል። ቡናማ ከሆነ ወይም ጫፉ ከተሸረፈ ዘግይቷል፣ ሳትውይ ሳታድሪ ውሰጃት። የብረት ሽሮፕ የሚያጠቁረው ጥርስ ሌላ ነገር ነው፣ ስለሚጸዳ አትደንግጪ።

ማጽዳቱን ከመጀመሪያዋ ጥርስ ጀምሪ፣ በቀን ሁለቴ፣ ሕፃን በሚሆን ለስላሳ ብሩሽ። የጥርስ ሳሙናው ከአንድ የሩዝ ፍሬ አይብለጥ፤ 3 ዓመት ሲሞላት እንደ አተር ፍሬ። ማስታወቂያ ላይ ብሩሹን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያለብሱት ሳሙና ለመሸጥ ነው።

አንቺ ያለሽው ወንጂ ስለሆነ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ብዙ የጉድጓድ ውሃ የዓለም ጤና ድርጅት ከወሰነው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም በላይ ፍሎራይድ አለው። እናንተ ሰፈር ቡናማ ጥርስ ያላቸው ሰዎች የምታዪው በቆሻሻ አይደለም፤ ልጅ ሳሉ ጥርሳቸው ሲሠራ በጠጡት ውሃ ነው። የልጅሽ ቋሚ የፊት ጥርሶች የሚሠሩትም አሁን ነው። ውሃውን ማፍላት ፍሎራይዱን አያስወጣውም፤ ውሃው እየተነነ ጭራሽ ያከማቸዋል። ተራው የቤት ማጣሪያም አይቀንሰውም። ስለዚህ የምትጠጣውም ሆነ ገንፎዋ የሚሠራበት ውሃ ፍሎራይዱ ተቀንሶ የሚታደል ወይም የዝናብ ውሃ ይሁን። ጡትሽ ውስጥ የሚገባው ፍሎራይድ እጅግ ጥቂት ነው፣ እሱን ሳትፈሪ አጥቢ። ለሐኪሙም ከየት እንደመጣሽ መጀመሪያ ንገሪው፤ የሚዋጥ ፍሎራይድ ለእሷ አይታዘዝም። የሩዝ ፍሬ የምታህለው የፍሎራይድ ሳሙናና የሐኪሙ ቅብ ግን መጠናቸው ትንሽ ስለሆነ አይከለከሉም።

ጡጦ ይዛ አትተኛ። ስኳር ያለው ሻይ፣ ስኳር የገባበት አብሽ፣ ጭማቂ ጡጦ ውስጥ አይግባ። ማርም ቢሆን ዓመት ሳይሞላት አይቀመስ፣ ለጥርሷ ብቻ ሳይሆን ሊመርዛት ስለሚችል። ማንኪያዋን ቀምሰሽ አትስጫት፣ አኝከሽም አታጉርሻት፤ ጥርስ የሚበላው ባክቴሪያ ከእናት ምራቅ ይተላለፋል። አንቺ የተቦረቦረ ጥርስ ካለሽ ቀድመሽ አስሞዪው።

ቀጠሮ የማይጠበቅበትም አለ። ፊቷ ወይም ድዷ ካበጠ፣ ወድቃ ጥርሷ ከተነቀነቀ ወይም ወደ ውስጥ ከገባ፣ በዚያው ቀን ሂጂ። የወተት ጥርስ ተነቅሎ ከወደቀ መልሰሽ አትትከዪው፣ ከሥሩ ያለውን ቋሚውን ይጎዳል። ድድ ላይ የሚቀባ ማደንዘዣ ከፋርማሲ አትግዢ፤ ቤንዞኬይን ያለበት ከ2 ዓመት በታች ላሉ አደገኛ ነው። ንጹህ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ነክረሽ ታኝከው።

በ9 ወሯ ለኩፍኝ ክትባት ስትሄጂ ነርሷ ጥርሷንም ታይልሽ። እስከዚያ ግን ነገ ጠዋት በመስኮት ብርሃን ከንፈሯን ገልበሽ ያየሽውን ጻፊልኝ፤ በዚህኛው ደብዳቤሽ አልዘገይም።

እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

ያንቺው ጠፊ