በየሳምንቱ የምናልፈው መልካ ቁንጡሬ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የቤተሰቦቼ አገር በቡታጅራ መንገድ ስለሆነ መልካ አዋሽ የምትባለዋን ትንሽ ከተማ ስንት ጊዜ እንዳለፍኳት አላውቅም። የምቆመው ውኃ ለመግዛት ነበር፣ አንዳንዴ ለሽንት። ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሆን ነው። ባለፈው እሑድ ግን የ7 ዓመቷ ልጄ መኪና ውስጥ መቀመጥ ሰልችቷት አስቸገረችን፤ እግሯን ታፍታታ ብለን እዚያው ወዳለው የጥንት ሰዎች መኖሪያ፣ ወደ መልካ ቁንጡሬ ሙዚየም ጎራ አልን።

ትንሽ ነው። ጎጆ የመሰሉ ክብ ቤቶች ናቸው። ቶሎ አይተን እንወጣለን ብለን ሁለት ሰዓት ቆየን። ልጄ ጥቁር የሚያብለጨልጭ ስባሪ አይታ «አባዬ፣ ጠርሙሱን ማን ሰበረው?» አለች። ባልጩት ነው! እኔ ባልጩትን የማውቀው አያቴ «ምላጭ ሳይመጣ በባልጩት ነበር የምንላጨው» ሲሉ ነው፤ እዚያው አካባቢ ባልጩት የሚባል ቦታ እንዳለ፣ ሰው ያንን ድንጋይ እየፈለጠ መቁረጫና መፋቂያ መሥራት ከጀመረ ከ1 ሚሊዮን ዓመት በላይ እንደሆነው ግን ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

ጎምቦሬ የሚባለው የቁፋሮ ቦታ ላይ ደግሞ የተቆፈረው መሬት መጠለያ ተሠርቶለት ይታያል። አስጎብኚው 700 ሺህ ዓመት ያስቆጠረ የሰው ዱካ እዚሁ ጎምቦሬ እንደተገኘ፣ ከዱካዎቹ መሀል የሕፃናትም እንዳለበት ሲነግረን ልጄ ዝም ብላ የራሷን ጫማ ማየት ጀመረች።

መልካ ቁንጡሬን እ.ኤ.አ. በ1963 ያገኘው ጄራርድ ዴከር የሚባል የሆላንድ የውኃ ባለሙያ ነው። ከዚያ ፈረንሳዮች ቆፈሩ፣ ቀጥሎ ጣሊያኖች። ዩኔስኮም በ2016 ዓ.ም. ከባልጩት ጋር በዓለም ቅርስነት መዘገበው። እኛ ውኃችንን ገዝተን እናልፋለን።

ብዕር ያነሳሁት ግን በትምህርት ቤት ጉዳይ ነው። የልጄ ትምህርት ቤት (ስሙ ይቅር) በየዓመቱ የጉብኝት ያስከፍለናል፤ ሁለት ዓመት በተከታታይ የወሰዳቸው መዋኛ ያለው ሪዞርት ነው። መዋኘቱን አልጠላሁትም፣ ግን ጠዋት ተወጥቶ ለምሳ የሚደረስበት እንዲህ ያለ ቦታ እያለ? ሰኞ ሄጄ ስጠይቅ «ልጆች ድንጋይ ሲያዩ ይሰለቻቸዋል» ተባልኩ። የእኔዋ እሑድ ማታ አልጋዋ ላይ ሆና ያለችኝን በሰሙ፦ «አባዬ፣ እነዚያ ልጆች ጭቃ ውስጥ ሲገቡ እናታቸው ተቆጥታቸው ይሆን?»

አንድ አባት፣ ከአዲስ አበባ