ሰኞ ማታ ጆርጂያና አላባማ

ሰላም ውድ አባላት፣ እንኳን ለገና በዓል አደረሳችሁ።

ሰኞ ጥር 2 ቀን 2014 ዓ.ም. የጆርጂያና የአላባማ ዩኒቨርሲቲ ቡድኖች ለብሔራዊው የኮሌጅ የአሜሪካን ፉትቦል ዋንጫ ኢንዲያናፖሊስ ላይ ይገናኛሉ። ጨዋታው በአትላንታ ሰዓት ከምሽቱ 2 ሰዓት ይጀምራል። እንደተለመደው አዳራሻችን ውስጥ አብረን እናያለን። በሩ ከ1 ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው።

እ.ኤ.አ. የ2018ቱን የሁለቱን የዋንጫ ጨዋታ የረሳ ያለ አይመስለኝም። እዚሁ አትላንታ ነበር። እረፍት ላይ ጆርጂያ 13 ለ0 ይመራ ነበር፤ እኛም ዋንጫውን በልተነው ነበር። ከዚያ የአላባማው አሰልጣኝ ኒክ ሴባን ቱዋ ታጎቫይሎአ የሚባል የአንደኛ ዓመት ልጅ አስገባ። ልጁ በተጨማሪው ጨዋታ 41 ያርድ ወርውሮ 26 ለ23 ጉድ ሠራን። ቡና የምታፈላዋ እህታችን ጀበናውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። በረካው ሳይቀዳ ቀዘቀዘ።

ባለፈው ወርም ያው ነው፣ አላባማ 41 ለ24 አሸነፈን። አሰልጣኛችን ከርቢ ስማርት የሴባን ረዳት የነበረ ሰው ነው፤ ከዚህ ጨዋታ በፊት ግን አለቃውን አንዴም አላሸነፈም። ጆርጂያም ከዚህ ጨዋታ በፊት ዋንጫ ያየው ለመጨረሻ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። እኔ በበኩሌ ዘንድሮ ተከላካዮቹን አይቼ ተስፋ አልቆረጥኩም።

ከገና የተረፈ ዶሮ ወጥ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። እንጀራና ለስላሳ ከእኛ። በማግስቱ ትምህርት ስላለ ልጆቹን እረፍት ላይ ብትሸኟቸው ይሻላል። የአላባማ ማሊያ ለብሶ የሚመጣ አባል አይከለከልም፣ ግን የሚቀመጠው ከኋላ፣ ማድቤቱ በር አጠገብ ነው። ሲኒ የሚያጥበውም እሱ ነው።