ልጁ አስተርጓሚ አይሁን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

«የሐበሻ ወላጆች ስብሰባ አይመጡም» የሚለው ወቀሳ በዋሽንግተን ዲሲ ትምህርት ቤቶች አካባቢ ይሰማል። ጥሪው በምን ቋንቋ፣ በስንት ሰዓት እንደተጠራ ግን ማንም አያነሣም።

እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የከተማዋ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ለወላጅ ነጻ አስተርጓሚ ይፈቅዳል። የሚያሰናክለው አስተርጓሚው አስቀድሞ አለመያዙ ነው። በዕለቱ ሲፈለግ ስለማይገኝ ተማሪው ራሱ ያስተረጉማል፤ የገዛ ውጤቱን እንዴት አሳምሮ እንደሚተረጉመው መገመት አያዳግትም! ስለዚህ ወላጅ የቀጠሮው ወረቀት እንደደረሰው ወዲያው በጽሑፍ ይጠይቅ፣ ቅጂውንም ይያዝ። በምዝገባ ቅጽ ላይ ልጄ ከጓደኞቹ ይለይብኛል በሚል ስጋት የቤቱን ቋንቋ «እንግሊዝኛ» ብሎ መሙላትም ጉዳት አለው፤ መልእክቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ብቻ ይመጣል።

ገንዘብ የለም የሚለው ምክንያትም ይመርመር። ከ500,000 ዶላር በላይ የታይትል ዋን ድጎማ (የፌዴራሉ መንግሥት ብዙ የድሃ ቤተሰብ ልጆች ለሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ገንዘብ) የሚያገኝ የትምህርት አስተዳደር ቢያንስ 1 በመቶውን ለወላጆች ተሳትፎ እንዲመድብ የፌዴራሉ ሕግ ያስገድዳል፤ ከዚህም ቢያንስ 90 በመቶው ወደ ትምህርት ቤቶቹ ይወርዳል። ለወላጆች መጓጓዣና በስብሰባው ሰዓት ለሕፃናት ጥበቃ ሊውል ይችላል። አጠቃቀሙ ላይ ወላጆች የመወሰን ድርሻ አላቸው። ታክሲ የሚነዳና በሆስፒታል የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ወላጅ ግን ለዚያ ውሳኔ ማክሰኞ በ9 ሰዓት ሊገኝ አይችልም።

የትምህርት ጉዳይ ተከታታዮች