ግልጽ ደብዳቤ ለጤና ሚኒስቴር፦ «ጨረር አይሰማውም» ተብለን ለተመለስን

የምጽፍላችሁ ከአዳማ ነው።

አባቴ በካንሰር ምክንያት አንድ ኩላሊቱ ከወጣ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ዘንድሮ በሽታው ዳሌው አጥንትና ሳንባው ላይ ታየ፤ ሁለት ቦታ ብቻ። የሲቲ ስካን ፊልሙን በፌስታል ይዘን አዲስ አበባ ሄድን። ያየን ሐኪም «የኩላሊት ካንሰር ጨረር አይሰማውም» አለን። ተመለስን። ከመናኸሪያ ወደ ቤት ስንሄድ ባጃጁ ኮብልስቶኑ ላይ በነጠረ ቁጥር አባዬ ዳሌውን በሁለት እጁ ጥብቅ አድርጎ ይይዝ ነበር። አንድም ድምፅ አላወጣም።

ለሐኪሙ ክፉ ቃል የለኝም። ለዘመናት ሲባል የኖረው ይኸው ነው። ጨረር በቀን 2 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ገደማ እየተባለ ለሳምንታት ሲሰጥ፣ ይህ ካንሰር በቀላሉ እጅ አይሰጥም ነበር። አሁን ግን ስቴሪዮታክቲክ የሚባል ዘዴ አለ። ከፍተኛ ጨረር ከብዙ አቅጣጫ ተነጣጥሮ ዕጢው ላይ ያርፋል። ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 5 ቀጠሮ ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ካንሰሩ ከ5 ያልበለጠ ቦታ የተሰራጨባቸውን 30 ሕሙማን ያለ ካንሰር መድኃኒት በዚህ ጨረር ብቻ አከመ። በግማሾቹ ላይ በሽታው ሳይብስ ከ22 ወር በላይ ቆየ። ጥናቱ ትንሽ ነው። ካንሰሩ ብዙ ቦታ ለተበተነበት ሰውም መልሱ ይህ አይደለም። ጥቂት ቦታ ላለበት ግን ሁለት ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ማለት ነው፤ ለእኛ ቤት ይህ ቀላል አይደለም።

ደግሞ የቀጠሮው ማነስ! ለሳምንታት አዲስ አበባ አልጋ መከራየት ስንቱን ሕክምናውን አስትቶታል። አምስት ቀን ግን ዘመድ ቤት ታድሮም ይሆናል፤ በፈጣን መንገዱ መመላለስም ይቻላል።

ጥቁር አንበሳና ጅማ ሊኒየር አክሰለሬተር የሚባለው የጨረር ሕክምና ማሽን ገብቷል። ማሽን ብቻውን ግን አያክምም። ሳንባ ላይ ያለ ዕጢ ከትንፋሽ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል፤ ያንን ተከታትሎ የሚያነጣጥር መሣሪያና የጨረሩን መጠንና አቅጣጫ የሚያሰላ የሠለጠነ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ ይፈልጋል። እባካችሁ ባለሙያዎቹን አሠልጥኑ። አገልግሎቱ የትኛው ሆስፒታል እንደሚጀመር ወስኑና አሳውቁን። አዳማ ያለ ሐኪም እንዲህ ዓይነት ሕመምተኛ ሲገጥመው ወዴት ሪፈር እንደሚጽፍለት ይወቅ።

የአባዬ ፊልም እዚያው ፌስታል ውስጥ፣ ቁም ሳጥኑ ላይ ነው። የሚያይልን ካለ ነገ ጠዋት ይዤው እመጣለሁ።