ልጄ፣ የትንሹን ደም አስመርምሪልኝ

የኔ እናት፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ትናንት ትንሹን ልጅሽን በቪዲዮ ሳየው ከንፈሩ ነጣ ብሎብኝ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ወተት ብቻ ነው የሚፈልገው፣ ምግብ እምቢ ብሏል ስትዪኝ ደግሞ የአንቺው ነገር ትዝ አለኝ።

ዓመት ከሁለት ወርሽ ነበር። ያኔ አዳማን ናዝሬት ነበር የምንላት። ማታ ሰውነትሽ እንደ እሳት ነደደ፣ ከዚያ ዓይንሽ ወደ ላይ ተገለበጠና እጅ እግርሽ ይንዘፈዘፍ ጀመር። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ። አንዷ ክብሪት ጭራ አፍንጫሽ ሥር ያዘች፤ ሌላዋ ጥርስሽን በማንኪያ ልታላቅቅ ስትታገል ድድሽ ደማ። እኔ የሞትሽ መስሎኝ እጮሃለሁ። በጋሪ ይዘንሽ ስንሮጥ ሳንደርስ ቆመልሽ።

ሐኪሙ የታችኛውን የዓይንሽን ቆብ ገለጥ አድርጎ አሳየኝ። ቀይ መሆን የነበረበት ወረቀት መስሏል። የደም ማነስ የሚለካበት ሄሞግሎቢንሽ 7 ብቻ ሆነ። ያንዘፈዘፈሽ ከጆሮሽ ሕመም የመጣው ትኩሳት ነው፣ ግን አይረን፣ ማለት ደም የሚሠራበት ብረት፣ ያነሰው ልጅ ሲያተኩሰው የመንዘፍዘፍ ዕድሉ ይጨምራል፣ አንጎልም አይረን ይፈልጋል አለኝ። እኔ ደግሞ የላም ወተትና ዳቦ በሻይ እየሰጠሁ፣ ወፈር ስትዪልኝ ደስ ይለኝ ነበር። ሻይ አይረኑ ከምግቡ እንዳይወሰድ እንደሚያደርግ ማን ነግሮኝ!

ይሄ በትኩሳት መንዘፍዘፍ በዘርም ይሄዳል፣ የሚይዘውም ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያሉትን ነው። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ሲቢሲ የሚሉትን የደም ቆጠራ ምርመራ አሠሪለት። የአይረን ሽሮፕ ግን ከፋርማሲ ዝም ብለሽ እንዳትገዢ፤ መጠኑ በኪሎው ነው የሚታዘዘው፣ ሲበዛ ደግሞ ልጅን ይመርዛል። ወተቱን ቀንሺና ምስር፣ እንቁላል፣ ደቀቅ ያለ ሥጋ አስለምጂው፤ ብርቱካን ከምግቡ ጋር ስጪው፣ አይረኑን ይስብለታል።

አያድርገውና ቢያንዘፈዝፈው በጎኑ አስተኚው፣ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቺ፣ እጅ እግሩን ጨምድደሽ አትያዢው፣ ሰዓት እዪ። 5 ደቂቃ ካለፈ ቶሎ ሐኪም ቤት። ቢቆምም ወስደሽ አሳዪው፣ ትኩሳቱ ከምን እንደመጣ መታወቅ አለበት፤ ማጅራት ገትርም ሊሆን ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጉዳት ሳይተው ያልፋል፣ ይኸው አንቺ አለሽልኝ።

ለበዓል ስትመጡ አጎበር አዘጋጅቻለሁ። አዳማ ወባ አለ፣ ወባ ደግሞ ትኩሳትም ያመጣል ደምም ይጨርሳል።

ውጤቱን እንዳየሽ ደውዪልኝ፣ ሌሊትም ቢሆን።

እናትሽ